እጁን ትቶ የሄደው ሐኪም

ዘነበ ዶክተር ሳብሪንን ሲሸሽ ወር ሊሞላው ነው። ሸሽቶ ሸሽቶ ግን ዝናብ ከደጇ ጣለው። ከቱሊ ጉሌድ ገበያ በሬ ተዋውሎ ሲመለስ ጂጂጋ መግቢያ ላይ ዶፍ ያዘውና የተሳፈረባት ባጃጅ ቀጥ አለች፤ ጋቢውን ተከናንቦ ያገኘው በረንዳ ሥር ሮጦ ገባ። በረንዳው የሆስፒታል ነበር። እሷም እዚያው ቆማ ዝናቡን ታያለች።

ሳብሪን ከአጥሩ ማዶ ያደገች የጎረቤት ልጅ ናት። ውጭ አገር ተምራ እዚያው በቀዶ ሕክምና ትሠራለች፤ ዘንድሮ የጂጂጋን ወጣት ሐኪሞች ልታሠለጥን ለጥቂት ወራት መጥታለች። በዘነበ ኩላሊት ላይ ዕጢ መብቀሉን ያየችው እሷ ናት። ገና ትንሽ ስለሆነ ውጭ አገር እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል በሮቦት ቢወጣ ኩላሊቱም እንደሚተርፍ፣ ከቆየ ግን ሌላ ቦታ እንደሚሠራጭ ሳትደብቅ ነግራዋለች። ሚስቱ አስካለማርያም አለቀሰች፣ ልጆቹ ፓስፖርት አወጡለት። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ልኳንዳ ቤት የኖረ፣ ቢላ በእጁ ያለቀ ሰውዬ፣ በብረት አልታረድም ብሎ ቁጭ አለ። ቢላውም ብረት መሆኑን ማን ይንገረው።

ሳብሪን አልተቆጣችም። ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ነገር ላሳይዎት አለችው፤ ይሉኝታ ይዞት ተከተላት።

የገቡበት ክፍል ሰው አልነበረበትም። ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ደመናው አጨልሞታል። መሐል ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ነገር ቆሟል። ዘነበ ሬሳ ያለበት ቤት እንደገባ ሰው ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ፤ ለምን እንዳወረደ እሱም አላወቀም።

«የሮቦቱ መለማመጃ ነው ጋሼ፤ ሰው አይነካም» ብላ ጨርቁን ገለጠችው። ስክሪን አለው፤ ከፊቱ ደግሞ ጣት የሚገባባቸው ሁለት መያዣዎች ተንጠልጥለዋል።

«አንቺ ብትቆርጪኝ እሺ ልጄ። ከዚህ ጋር ግን ምን አገናኘኝ? ነፍስ የለው፣ ፈጣሪውን አይፈራ።»

«የምቆርጠው እኮ እኔ ነኝ። ከአልጋዎ ራቅ ብዬ እቀመጥና እጄን አንቀሳቅሳለሁ፤ እሱ የእኔን እጅ ተከትሎ በትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ይሠራል። እኔ ካቆምኩ ይቆማል።»

«ቢሳሳትስ? ብረቱ ነው ልትዪ?»

«አልልም። ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። እሱ እንቢ ቢል ደግሞ ሆድዎን ከፍቼ በገዛ እጄ እጨርሳለሁ፤ ያንን የማይችል ሐኪም እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ የለበትም።»

መልሱ ደህና መልስ ነው። ፍርሃት ግን መልስ ስላገኘ ብቻ አይለቅም። ዘነበ ሌላ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት መያዣዎቹ ማንም ሳይነካቸው መንቀሳቀስ ጀመሩ። አንደኛው ዝቅ አለ፣ ሌላኛው ቀስ ብሎ ዞረ። ዘነበ ጀርባው ከግድግዳው ጋር እስኪላተም አፈገፈገ።

«ማነው?»

«አስተማሪዬ ናቸው» አለች ሳብሪን። «ባለፈው ዓመት ሞተዋል።»

ዘነበ አማተበ። እሷ ረጋ ብላ አስረዳችው፦ ጨርቁን ስትገልጥ መሣሪያውን ያበራችው እሷ ናት፤ ሰውየው በሕይወት ሳሉ ሲሠሩ የእጃቸው እንቅስቃሴ ተቀድቷል፤ ተማሪ ጣቱን እዚህ አስገብቶ እጃቸው የሄደበትን ይከተላል። እሷም እንደዚሁ ነው የተማረችው።

መሸሽ ይችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነው። ግን ባለሙያ የባለሙያ እጅ ሲያይ አያስችለውም። እየቀፈፈው ቀረበና ጣቶቹን አስገባ። ቀዝቃዛ ነበር። ወዲያው አንድ ነገር በቀስታ ሳብ አደረገው። ስክሪኑ ላይ ስለት ከኩላሊት ላይ ስብ ይገፍፋል፤ የዘነበም እጅ አብሮ ይሄዳል። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ በድንገት ዘገየ። ቆመ። ትንሽ ወደ ኋላ አለና በሌላ በኩል ዞሮ መጣ።

የዘነበ ጠጉር ቆመ። ያችን መቆም ያውቃታል። ሐሞት ከጉበት ሲለይ እሱም እንደዚያ ነው የሚቆመው፤ እዚያ ጋ እጁ የማይዘገይ ሠራተኛ ስንቱን አሰናብቷል።

«ይሄ ሰውዬ ፈርቷል» አለ በሹክሹክታ።

«አዎ። እዚያ ትልቅ የደም ሥር አለ። ሁሌም እዚያ ሲደርሱ ይቆሙ ነበር።»

«አንቺስ ትፈሪያለሽ?»

«እንቅልፍ እስከማጣት።»

«እንግዲያው ቁረጪኝ» አለ ዘነበ።

እንዲህ ነው የተረታው። ስለ ጥቅሙ ሳብሪን የነገረችው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የገባው፦ ጎን ከሚሰነጠቅ ጥቂት ቀዳዳ እንደሚሻል፣ ደም እንደማይበዛ፣ የሐኪሙን እጅ መንቀጥቀጥ መሣሪያው እንደሚያስታግስ። ለሁሉም በሽታ ሮቦት አያስፈልግም፤ በደህና ቢላ የሚድነው በቢላ ይዳን። የሚታከም ሰው ግን ከመሣሪያው ኋላ ማን እንደሚቀመጥ መጠየቅ አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ሙያ ከባለቤቱ ጋር አፈር አለመግባቱ ነው። በሕይወት ሳለ ጂጂጋን ያልረገጠ ሐኪም ዛሬ ከሽንሌ ለመጣ ሠልጣኝ እጁን ይሰጣል።

ሊወጡ ሲሉ ሳብሪን ፈራ ተባ እያለች አንድ ፈቃድ ጠየቀችው። የእሱም ቀዶ ሕክምና ቢቀዳ የዚህ አገር ሐኪሞች ይማሩበታል።

ዘነበ ዞሮ መሣሪያውን አየ። መያዣዎቹ አሁንም ብቻቸውን ይሠራሉ። እሱም እሷም ካለፉ በኋላ ያልተወለዱ ልጆች እዚህ ተቀምጠው ሆዱ ውስጥ ሲገቡ ታየው። ሰውነቱን በረደው።

«አይስጉ፣ ስምዎ አይነገርም» አለችው።

«ንገሪያቸው» አለ። «ዘነበ ነው በያቸው፤ ሚስትና ልጆች ነበሩት በያቸው። የማን ሆድ እንደሆነ ካላወቁ አይፈሩልኝም።»