አርባ ላይ ያልደረሰው ሾፌር

የምስክር ስም፦ ፓን ሺዮዢ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ በሻይ ቅጠል ፋብሪካ የሚዛን ሠራተኛ
አድራሻ፦ ታይዋን፣ ናንቶው፣ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2016፣ ከጠዋቱ 4፡20 ሰዓት

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ስለ ሟች ሾፌር ሊያኦ ፉ አሟሟት የማውቀውን ስጠየቅ የሚከተለውን አስረድቻለሁ።

በፋብሪካችን በየቀኑ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተሰልፈን መፈክር እናሰማለን። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ ጻይ ሚንግ፣ መኪኖቹ ላይ የተገጠመው መሣሪያ የመዘገበውን ፍጥነት ያነባል። የደርሶ መልስ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በታች የሆነ ሾፌር አንገቱ ላይ የኤሊ ሥዕል ይንጠለጠልበታል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ሦስት ጊዜ የተንጠለጠለበት መሪውን ተቀምቶ መጥረጊያ ይሰጠዋል። ሟች ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ሲሆን፣ ማክሰኞ ዕለት ሁለተኛው ኤሊ ተንጠልጥሎበታል።

በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የሩዝ ሣህኑን ሳይከፍት ወደ ሚዛኑ መጣና፣ «ሺዮ፣ አንቺ ቁጥር ታውቂያለሽ። ወደ ሻይ እርሻው የሚያወጣው ዳገት ከሃያ በላይ አያስኬድም። ስመለስ በስንት ልንዳ?» አለኝ። በሚዛን ወረቀት ጀርባ ላይ ሃያና ስልሳን ደምሬ ለሁለት አካፈልኩና አርባ ስላገኘሁ፣ «በስልሳ ነዋ! ይቺማ ለኤሊም አታቅትም፣ ጋሽ ፉ» ብዬ ሳቅሁበት። መንገዱ ላይ የተተከለው ምልክት ከ30 በላይ መንዳት እንደሚከለክል አውቃለሁ።

ረቡዕ ቅጠሉን ጭኖ በስልሳ ወረደ። መኪናውን ሚዛኑ ላይ አቁሞ ወረደ። መሣሪያው ግን አማካዩን 30 አለ። ሥራ አስኪያጁ እዚያው ግቢ ውስጥ አይቶ፣ «ላይ ወጥተህ ተኝተህ ነበር አይደል? አንተ ሽማግሌ! የዛሬውን ትቼልሃለሁ፤ ነገ ካልሞላህ መጥረጊያው ያውልህ» አለው። ጋሽ ፉ ዞሮ አየኝ። ሒሳቤን ስላልተጠራጠርኩ፣ «እንግዲያው በሰማንያ ንዳ» አልኩት።

ሐሙስ ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ ሲወርድ ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ መከለያውን ጥሶ ገደል ገባ። ድምፁን ከሚዛኑ ሆኜ ሰምቻለሁ። ስንደርስ እርጥብ ቅጠል ለብሶ ሞቶ ነበር።

ዓርብ ጠዋት እንደ ወትሮው ተሰለፍን። ሥራ አስኪያጁ፣ «ያልተመለሰ ሰው ዜሮ ነው» ብሎ ኤሊውን የሟች ኮፍያ የተሰቀለበት ምስማር ላይ አንጠለጠለው። ሠራተኛው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወደ ሚዛኑ ተመልሼ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁ። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሃያ ሲወጣ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ደርሶ መልሱ 40 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ አማካዩ አርባ እንዲሆን ለመውጫም ለመውረጃም ያለው ያው አንድ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ገና ላይ እርሻው ደርሶ ቅጠሉን ሳይጭን አልቋል ማለት ነው። እየበረረ ቢመለስም አርባ አይሞላም ነበር። ይህንን ለሥራ አስኪያጁ ሳሳየው፣ «ታዲያ ሲወጣ ማን ተኛ አለው?» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

ወረቀቱ የእጅ ጽሑፌ መሆኑን አምኜ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። ቃሌ ተነቦልኝ፣ የተናገርኩት እውነት በትክክል መጻፉን አረጋግጫለሁ።

ከመፈረሜ በፊት እንዲጨመርልኝ የጠየቅሁት፦ ኤሊውን ማን እንደሳለው አልተጠየቅሁም። የሳልኩት እኔ ነኝ። ሲስቁበት ደስ ብሎኝ ነበር።

የምስክር ፊርማ፦ ፓን ሺዮዢ
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ሁ ዠንዪ