ዕድር ሊለቁ የነበሩት ጎረቤቴ

አሰላ፣ በእኛ ሰፈር፣ የሬዲዮ ዜና የምተነትነው እኔ ነኝ። አንድ ትልቅ አገር ብዙ አገሮች ከተፈራረሙት የንግድ ስምምነት ልውጣ እያለ ነው ሲባል፣ ጎረቤቴ ጋሽ ቱፋ ትርጉሙን ጠየቁኝ። እሳቸውም “ስብሰባ ላይ ማንም አልሰማኝም” ብለው ዕድራችንን ሊለቁ ሲዝቱ ከርመዋል።

“ዕድር እንደ መልቀቅ ነው” አልኳቸው።

“ታዲያ ሲሞት ማን ይቀብረዋል?”

“ጋሼ፣ ትልቅ አገር እኮ አይሞትም!”

“እሱስ ታድሏል። የእኔ ሚስት ግን አልጋ ከያዘች ሰንብታለች” አሉ።

በማግስቱ ከዕድርተኛው ጋር ተቀምጠው የተቀደደውን የዕድር ድንኳን ሲሰፉ አገኘኋቸው። በሳምንቱ ያንኑ ድንኳን ደጃፋቸው ላይ ተክለን ሚስታቸውን ቀበርን። ትልቁ አገር፣ ሬዲዮው እንደሚለው፣ አሁንም እያሰበበት ነው።