ሦስት እሑድ ያለ ስልክ

ደሴ፤ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ማደሪያ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ባበቃበት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፤ የማደሪያው ኃላፊ ወይዘሮ ደብሪቱና ተማሪ ትርሲት፣ ሻንጣ ከተዘረጋበት አልጋ አጠገብ።

ደብሪቱ፦ መጀመሪያ በሩን ክፈቺው። በቀን የማደሪያ በር እንደማይዘጋ አራት ዓመት ሙሉ ነግሬሻለሁ። ከዚያ ሻንጣሽን አሰናጂ፤ አጎትሽ አሥር ሰዓት ላይ መጥተው ይወስዱሻል።

ትርሲት፦ በሩ ይኸው ተከፈተ። ሻንጣው ግን ይቆይ። የሽልማቱ ቀን እሑድ ነው፤ ሁሉም እስከ እሑድ እዚሁ ናቸው። እኔ ብቻ ለምን ዛሬ እሄዳለሁ?

ደብሪቱ፦ ነገርኩሽ እኮ፤ የአጎትሽ ሚስት ወልዳለች። ገንፎ በልተሽ ትመለሻለሽ።

ትርሲት፦ የአጎቴ ሚስት ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እትዬ።

ደብሪቱ፦ ለእግዚአብሔር ምን ይሳነዋል።

ትርሲት፦ ለእሱስ ምንም አይሳነውም። መዋሸት የተሳነዎት እርስዎ ነዎት።

ደብሪቱ፦ ፈተና አለቀ ብለሽ ምላስሽ ረዘመ። ያንን ነጭ ቀሚስ ደግሞ መልሺው፤ ጠቆር ያለውን ልበሺ።

ትርሲት፦ ለአራስ ጥየቃ ጥቁር ይለበሳል?

ደብሪቱ፦ ዛሬ ብርድ ነው። ጥቁር ይሞቃል።

ትርሲት፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እትዬ፣ አባቴ ሞቷል። አውቃለሁ።

ደብሪቱ፦ ማናት የነገረችሽ? ስሟን ጥሪልኝ። ሁለት መቶውን ልጅ አንድ በአንድ አስምያቸዋለሁ።

ትርሲት፦ ማንም አልነገረኝም። እዚህ ቤት አንድ ብስኩት ከጠፋ ቁርስ ሳይደርስ የሌባዋ ስም ይታወቃል፤ ይህን ግን አንዷም አልተነፈሰችም። መልካም ሆኑብኝ እንጂ። ኤክራምን ያውቋታል፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንደኝነቱን ስንሻማ ነው የኖርነው፣ እርሳስ እንኳ አታውሰኝም። አንድ ሰኞ ጠዋት የፊዚክስ ደብተሯን አምጥታ ትራሴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቀና ብላ አላየችኝም። መምህር መኩሪያው፣ ሰው ሲሳሳት ጠመኔ የሚወረውሩት፣ ሰሌዳ ላይ ስሳሳት «አይዞሽ» አሉኝ። እሳቸው አይዞሽን በዋዛ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ቁርሴ ላይ ደግሞ እንቁላል ተጨመረ።

ደብሪቱ፦ እንቁላሉን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሰውነትሽ እንዳይጎዳ ብዬ።

ትርሲት፦ በሰኔ ጾም ነው እኮ ያዘዙት።

ደብሪቱ፦ ወይ ጉዴ። እውነትም ጾም ነበር።

ትርሲት፦ ከሁሉም ግን ስልኩ ነው። አባቴ የወፍጮ ሰው ነው፤ ጆሮው ከብዶታል። እሑድ እሑድ በእርስዎ ሞባይል ሲደውል እሱም ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ፤ ግቢው ሁሉ ውጤቴን የሚሰማው ያኔ ነው። ሦስት እሑድ «አገርሽ መርሳ ኔትወርክ የለም» አሉኝ። በዚያው ስልክ፣ በዚያው እሑድ የኤክራም እናት ከመርሳ ደወሉ። ሦስት እሑድ ግቢው ጸጥ አለ።

ደብሪቱ፦ ምን ላድርግ ብለሽ ነው። እናትሽ አስማሉኝ። «ልጄ አባቷን አጥታለች፤ ፈተናዋን ደግሞ አትጣ፤ መርዶዋን ስትጨርስ ትስማ» አሉኝ።

ትርሲት፦ ልክ ናት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ደብሪቱ፦ ታዲያ አንቺ ካወቅሽ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዴት ዝም አልሽ?

ትርሲት፦ ሁላችሁም እንዲያ ስትለፉልኝ አየሁ፤ ላፈርሰው አልፈለግኩም። ደግሞ እስካልተነገረኝ ድረስ አልሞተም ብዬ ያዝኩት። ገብቼ ተፈተንኩ።

ደብሪቱ፦ ፈተናውስ?

ትርሲት፦ ቀላል ነበር። ሒሳቡን አንድ ሰዓት ሲቀረው ጨረስኩ፤ አንድም የሳትኩ አይመስለኝም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ጥያቄው ሲመጣ መልሱ ይመጣል፤ ሌላ ምንም አይመጣም። እንቁላሉንም በልቼዋለሁ፣ ጾም ነው ብዬ እንኳ አልተውኩትም፤ ግን ምን ምን እንደሚል አላውቅም። ትናንት መስኮቱ ጣቴ ላይ ተዘጋ። ጥፍሬ ሲጠቁር ቆሜ አየሁት።

ደብሪቱ፦ እስቲ አሳዪኝ። ወይኔ፣ ሙሉው ጠቁሯል። ለምን አልነገርሽኝም?

ትርሲት፦ አላመመኝማ።

ደብሪቱ፦ እንዲህ ያለ ነገር ደግ አይደለም፣ ልጄ። ነገ ጎህ ሲቀድ እናትሽም አክስቶችሽም አጎትሽ ቤት ይገባሉ። እንግዲህ ምን ብለው ሊነግሩሽ ነው? ለቀባሪው አረዱት ሊሆን።

ትርሲት፦ እኔ ግን አልቀበርኩትም፣ እትዬ።

ደብሪቱ፦ እውነትሽን ነው፤ አልቀበርሽውም።

ትርሲት፦ እናቴ እንዳወቅኩ እንዳትነግሯት። ይህን ሁሉ ቀን ብቻዬን ይዤው እንደከረምኩ ከሰማች ሌላ ሐዘን ይሆንባታል። ነገ እንደ አዲስ ነው የምሰማው። ግን እንባው ባይመጣስ? ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የመርሳ ሴት ሁሉ ዐይኔን ነው የሚያየው። ለደረጃ ስትሮጥ አባቷን ረሳች ይላሉ።

ደብሪቱ፦ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጣል አድርጊ። ማን ገልጦ ያይሻል?

ትርሲት፦ እናቴ።

ደብሪቱ፦ እሱም አለ። የእሑዱን ሽልማትስ ማን ይቀበልልሽ?

ትርሲት፦ ኤክራም ትቀበልልኝ። አራት ዓመት ስትመኘው ኖራለች፤ ለአንድ ቀን እንኳ ትያዘው። እኔ የት እሰቅለዋለሁ? የአምናው ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ዱቄት ለብሶ ስሜ አይነበብም። እህል ያመጣ ሁሉ ግን ምን እንደሚል ያውቀዋል፤ አባቴ ሳይነግረው የሚሸኘው ሰው የለም። ለዘንድሮው ከጎኑ ምስማር መትቼልሻለሁ ብሎኝ ነበር።

ደብሪቱ፦ ትርሲት፣ እስቲ ተቀመጪ። እኔም የምነግርሽ አለኝ። ነገ ሰው በተሰበሰበበት አልደፍረውም፤ ዛሬ ካልተናገርኩት ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ትርሲት፦ ይንገሩኝ።

ደብሪቱ፦ አባትሽ ሊሞቱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ደውለው ነበር። ረቡዕ ዕለት። ዛሬ ሦስት ሳምንቱ።

ትርሲት፦ ስንት ሰዓት ላይ?

ደብሪቱ፦ ስምንት ሰዓት።

ትርሲት፦ የጥናት ሰዓት ነው።

ደብሪቱ፦ የጥናት ሰዓት ነው። እሑድ ይደውሉ አልኳቸው። አንቺ ያቺ ጥግ ላይ ነበርሽ፤ ከቆምኩበት ሃያ እርምጃ አትሆንም። ብጠራሽ ምን ይፈርስ ነበር? ምንም። እሳቸውም አልተቆጡም፤ «አራት ቀን ምን አላት» አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ወፍጮውን ሊያስነሱ ጎንበስ እንዳሉ በዚያው ቀሩ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ይህን ሁሉ እንቁላል የጫንኩብሽም ለዚሁ ነው።

ትርሲት፦ ሕግ ነው እኮ። እኔም ብሆን እሑድ ይደውሉ ነበር የምለው።

ደብሪቱ፦ አታጽናኚኝ። ብትሰድቢኝ ይቀለኝ ነበር።

ትርሲት፦ ስድቡም አልመጣልኝም። ቢመጣልኝ እሰድብዎት ነበር። ለምን ነበር የደወለው? አሞት ነው?

ደብሪቱ፦ ጠየቅኳቸው። ብርቱ ጉዳይ ከሆነስ ልጥራት አልኳቸው። «ኧረ ምንም የለም» አሉ። «መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆመ። ጸጥ ሲል ድምጿ ናፈቀኝ» አሉኝ።

ትርሲት፦ ጸጥ ሲል?

ደብሪቱ፦ ጸጥ ሲል ነው ያሉት። ወፍጮው ቆሞም እንኳ እየጮኹ ነበር የሚያወሩት፤ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነው የሰማኋቸው።

ትርሲት፦ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። እንዳልሰማው ይፈራል።

ደብሪቱ፦ የተናገሩትን ሁሉ ነገርኩሽ። ሌላ የደበቅኩት የለኝም።

ትርሲት፦ እትዬ።

ደብሪቱ፦ ወዬ፣ ልጄ።

ትርሲት፦ በሩን ይዝጉልኝ። መጣ መሰለኝ።