ኳሷን ወደ ሰው የሚመታው የደካ ልጅ

እኛ ኳስ በምንጫወትበት ጊዜ ልጆች፣ ቦንጋ ውስጥ ባለ ቀለም ጫማ የሚባል ነገር የለም፣ ማሊያ የለም፣ ያለው እግር ነው። እና ያቺ የኮሌጁ ሜዳ፣ አሁን እናንተ ዝናብ ሲጥል ሸርተቴ የምትጫወቱባት፣ የእኛ ሜዳ ነበረች። ታዲያ ሜዳዋ ከመንገዱ ወደ ቦዩ ትንሽ ወረድ ትላለች። ትንሽ ነው! እና እኛ ምን እናደርጋለን፣ ለጓደኛችን ስናቀብል ወደ እግሩ አንመታም፤ ከእሱ ሁለት እርምጃ ከፍ አድርገን ወደ መንገዱ በኩል እንመታለን፣ ኳሷ ራሷ ተንከባልላ ወርዳ እግሩ ላይ ቁጭ ትላለች። ይሄን ለቦንጋ ልጅ ማንም አያስተምረውም፤ መራመድ ሲጀምር ያውቀዋል። እኔ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በቀኝ ክንፍ ስጫወት አንድ ቀን ኳስ ቦይ ውስጥ አልከተትኩም። አንድ ቀን! ምን ያስቅሃል አንተ ብርሃኑ? እሺ፣ ሁለት ቀን።

በኋላ የስፖርት አስተማሪ ሆንኩ፣ ጡረታም ወጣሁ፣ ግን የኮሌጁ ቡድን እኔን ሳይጠይቅ ተጫዋች አይመርጥም። ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት አሰልጣኙ ተመስገን አንድ ልጅ ይዞ መጣ። አስራት ይባላል፣ ከደካ ነው፣ መምህርነት ሊማር የመጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን የደፋ። «ጋሽ አድማሱ፣ ይሄ አማካይ ነው፤ ኳስ አከፋፋይ ነው» አለኝ። አከፋፋይ! አከፋፈለልን እኮ! ያለንን ኳስ ሁሉ ለአልማዝ እንሰት አከፋፈለው። ከቦዩ ማዶ የአልማዝ ጓሮ አለ አይደል? ልጁ ይመታል፣ ኳሷ ወደ ጓደኛው ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ ልትደርስ ስትል ትታጠፍና ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ደግሞ ወደ እንሰቱ። አልማዝ አጥሩ ላይ ሆና፣ «ያ የደካው ልጅ ዛሬም አለ? ካለ ንገሩኝ፣ በሩን ክፍቱን ልተወውና ልረፍ!» ትላለች። ተማሪው ሁሉ ይስቃል። እኔም እጮሃለሁ፤ «አንተ! ዓይንህን የት ነው የተከልከው? ሰው እዚህ፣ ኳስ እዚያ!»

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ መጣና እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ሜዳው ያዘነብላል» አለኝ።

«ምን?»

«ወደ ቦዩ ያዘነብላል። እኔ ወደ ሰው ነው የምመታው።»

ስሙኝማ! ሊሰድበኝ የመጣ መሰለኝ። «እኔ እዚህ ሜዳ ላይ ሳረጅ ያላዘነበለ፣ አንተ ትናንት ስትመጣ አዘነበለ? ከሰውዬው በላይ ምታ!» አልኩት።

«ሞክሬ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ።»

«እግርህ እምቢ ካለህ ጠመኔህን ይዘህ ክፍል ግባ!»

ታዲያ ልጁ በዚያው ዓመት ነው የሚመረቀው። ከተመረቀ በኋላ የትኛው ክለብ ያየዋል? ደካ ተመልሶ ማስተማር ነው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጅማ ላይ የኮሌጆች ውድድር አለ፣ ከትልልቅ ክለብ ተጫዋች የሚፈልጉ ሰዎች እዚያ ይመጣሉ። እና እንዲህ አለኝ፣ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ «ጋሼ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይም ቢሆን ያስቀምጡኝ። ጅማ ካልሄድኩ ለእኔ ኳስ አበቃ።» እኔ ምን አልኩ? «ለአንተማ ድሮም አልተጀመረም» አልኩት። አዎ፣ ብያለሁ። ምን ልደብቅ?

የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር ስናወጣም «ይሄ ይውጣ» አልኩ። ተመስገን፣ «ጋሼ፣ አሥራ ስምንት ሰው መሙላት አለብን» አለኝ። «በርጩማ ጫንና ሙላ! በርጩማ ቢያንስ ኳስ አያባክንም» አልኩት። ሁሉም ሳቁ፣ የአስራት ስም ተሰረዘ። እና ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን አንዱን ልጅ ወባ ጣለው፣ የሚተካው ሰው ጠፋ፣ ተመስገንም እኔን ሳይጠይቅ አስራትን አውቶቡስ ላይ ጫነው።

ጅማ ገባን። ሜዳው፣ ልጆች፣ እንደ ጠረጴዛ ነው። ጨዋታው ተጀመረ። አምበላችን ወንድወሰን፣ ያ በደረቱ የሚሄደው፣ ለክንፉ አቀበለ፤ ሁለት እርምጃ ከፍ አድርጎ፣ እንደ ልማዳችን። ኳሷ እዚያው ከፍ እንዳለች ቀጥ ብላ ወጣች። አልወረደችም! ሌላው አቀበለ፣ ወጣች። ደግሞ አቀበለ፣ ወጣች። ከኋላዬ አንድ የጅማ ሰው ጎረቤቱን፣ «እነዚህ ሰዎች ለማን ነው የሚያቀብሉት?» ይለዋል። ያኛው፣ «ለመስመር ዳኛው ነዋ፣ ዘመዳቸው ሳይሆን አይቀርም» ይለዋል። ሦስት ለባዶ ገባብን። እና እኔ ተነስቼ ምን ብል ጥሩ ነው? «ይሄ ሜዳ ጠማማ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እውነቴን ነው፣ የመሰለኝም እንደዚያ ነው! ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከእረፍት በኋላ ተመስገን አምበሉን አስወጥቶ አስራትን አስገባ። «አብደሃል እንዴ?» አልኩት። ልጁ የመጀመሪያዋን መታ፣ እግር ላይ። ሁለተኛዋን መታ፣ እግር ላይ። ከዚያ ሜዳውን አቋርጦ ከወዲህ ዳር ወደዚያ ዳር ላከ፤ የተላከለት ልጅ አንድ እርምጃ ሳይንቀሳቀስ ደረቱ ላይ አቆማት። ሁለት አገባን። ተሸነፍን፣ ሦስት ለሁለት፣ ግን ሰው የሚያወራው ስለ እሱ ብቻ ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ኮፍያ ያደረገ ሰው ወደ እኛ መጣ፤ ፕሪሚየር ሊግ ከሚጫወት የአዲስ አበባ ክለብ ነው የተላከው። «ይሄን አማካይ ማን ነው ያሰለጠነው?» አለ። ኧረ ጉድ! ወንድወሰን፣ «አብረን ነው የምንለማመደው» አለ። ሾፌሩ ሳይቀር፣ «እዚህ ድረስ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። እኔስ? እኔም እጄን አወጣሁ! ይሄው፣ በዚህ እጄ። ሰውዬው ወደ ልጁ ዞሮ፣ «እውነት ነው? እኚህ አባት ናቸው ያስተማሩህ?» አለው። አስራት አንገቱን ደፋ። «ጋሼ ከሰው በላይ ምታ ብለው መክረውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልቻልኩት» አለ። እንዴት ያለ ትሕትና፣ እንዴት ያለ ጥፊ! እጄን ወደ ኪሴ መለስኩ።

ይሄው ክለቡ ወሰደው፣ አሁን በቴሌቪዥን ይታያል። የቦንጋ ሰው ደግሞ! በየሻይ ቤቱ «አስራት እኮ የእኛ ልጅ ነው፤ እኔ ነበርኩ የማበረታታው» ይላል። ውሸታም ሁሉ! ሁሉም ካበረታታው «አስወጡት!» ሲል የነበረው ማን ነው ታዲያ? እንሰቱ ነው? አልማዝ እንኳ ለእንግዳ ጓሮዋን ታስጎበኛለች፤ «አስራት የመታት ኳስ እዚህ ነበር የምታርፈው» እያለች፣ እንደ ቅርስ!

ግን ስቀን ብቻ አንለያይ። እኔ አስተማሪ ሳለሁ፣ ከአስራት በፊት፣ «ዕውር ነህ» ብዬ ከቡድኑ ያስወጣኋቸው ልጆች ነበሩ። አንዱ ሺሺንዳ ገበያ ይነግዳል። አንዱ፣ አትሳቅ ብርሃኑ፣ አንዱ ያንተ አባት ነው። ታዲያ እነሱም ወደ ሰው ነበር እንዴ የሚመቱት? አላውቅም። የሚመታውን ልጅ መቼ አየሁት? ቦይ ውስጥ የገባችውን ኳስ ነበር የማየው። ኳስ አውቃለሁ ስል ቦይ ሳይ የኖርኩ ሽማግሌ! ሃሃሃ… አንተ ልጅ፣ ቤት ስትገባ አባትህን ጠይቅልኝ፤ እንዴት ነበር የምትመታው በለው።

«ጠይቄዋለሁ ጋሼ» አለ ብርሃኑ። «አስራት በቴሌቪዥን የታየ ቀን ነው የጠየቅኩት። ‹ጋሽ አድማሱ ዕውር ነህ አሉኝ፣ እኔም አመንኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ ኳስ መትቼ አላውቅም› አለኝ።»