መምህርት ወይንሸት ይርዳው እና ተሳስተው የቀነሷት አንድ ነጥብ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከሰቃና ከአጋሮ ድረስ የመጣችሁ ወዳጆች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን መምህርት ወይንሸት ይርዳው፣ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ይዘው ከመንዝ ከመጡት ከአባታቸው ከአቶ ይርዳው ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴነሽ ተክሌ፣ በ1951 ዓ.ም. ጅማ አወቱ መንደራ ተወለዱ። በልጅነታቸው ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ሲወጡ ኦሮምኛ እየተናገሩ ያደጉ ሲሆን፣ «ጠበብ» በሚለውና «ጠበቅ» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት የተማሩት ከአባታቸው ደንበኞች ቁጣ እንደሆነ እየሳቁ ያወሩን ነበር።

ትምህርታቸውን በጅማ አጠናቀው በ1971 ዓ.ም. በመምህርነት ከተመረቁ በኋላ፣ በሰቃ አካባቢ እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመሩ። ያኔ የተማራችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ፤ ተመሳሳይ የሚመስሉ ቃላትን ጥንድ ጥንድ አድርገው ሰሌዳው ላይ ይጽፉና፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ዝናቡን ሂር ታደርጉታላችሁ፣ ሳትፈልጉም ጆሯችሁ ይገባል፤ እኔን ግን ልብ ብላችሁ ሊስን ታደርጋላችሁ፣ ዝናቡ ፈተና አያወጣም!» ይሉ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ከበርጩማ ሠሪው ከአቶ ልዑልቃል መንገሻ ጋር ትዳር መሥርተው ዳግማዊንና ጽዮናዊትን ወለዱ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሳሊሀ «ይቺ ልጅ ከሳች፣ ወላሂ አብሏት!» ባሉ ቁጥር፣ «ልጄ ስሊም፣ ሸንቃጣ ናት፤ ስኪኒ፣ መንማና ያላት እኔን ያገኘኛል» ብለው ሰፈሩን እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሴት ናቸው።

አሁን የምናነበውን እንድንዘለው በሕይወት ሳሉ ብንለምናቸውም አልፈቀዱም። በ1979 ዓ.ም. ባወጡት ፈተና፣ አንዲት ሴት ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቡና እያየች ስለመዋሏ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነበረበት፤ ባዶ ቦታው ላይ እሳቸው «ሉክ» የሚለውን ሲጠብቁ፣ ደሬሳ የሚባል ተማሪ «ዋች» ብሎ ሞላ። ዋች ለኳስና ለፊልም ነው ብለው ሰረዙበት። ልጁ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ፣ «ባርሲስቱ፣ እናቴ ቡናውን ዝም ብላ አታየውም እኮ! ዶሮ እንዳይበትነው፣ ዝናብ እንዳይመታው ዓይኗን ሳትነቅል ነው የምትውለው» ቢላቸው፣ «መምህርቷ አንተ ነህ ወይስ እኔ? ሂድ ተቀመጥ» አሉት። ክፍሉም ሳቀበት። በዚያች አንድ ነጥብ ሳያልፍ ቀረ፤ አባቱም እዚያው ክፍል ተመልሶ ከሚቀመጥ ቡናው ይሻለዋል ብለው ከትምህርት አስቀሩት።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለክረምት ሥልጠና ጅማ በነበሩበት ጊዜ፣ ትልቅ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ፣ ዋች ማለት የሚለወጥን ነገር እየተከታተሉ ማየት፣ መጠበቅም እንደሆነ አነበቡ። ልጁ ልክ ነበር። ሰቃ ተመልሰው ልጁን ሲፈልጉት ቤተሰቡ አገሩን ለቆ ሄዷል። ከዚያ በኋላ እረፍት ባገኙ ቁጥር ሊሙ፣ ጌራ፣ አጋሮ እያሉ ቡና ያለበትን ከተማ ሁሉ ሲያስሱ፣ አቶ ልዑልቃል «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ይህን ያህል አልተጨነቁበትም!» ቢሏቸው፣ «እንግሊዞቹ ደሬሳን አልጣሉትማ» ብለው መለሱላቸው።

በ1990 ዓ.ም. አጋሮ አንድ ቡና መቀሸሪያ ውስጥ ጆንያ ተሸክሞ አገኙት። በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት፣ «ደሬሳ ልጄ፣ አንተ ነበርክ ልክ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አሉት። እሱም ጆንያውን ሳያወርድ ቆሞ ሰማቸውና፣ «ቲቸር፣ ይህንን አባቴ ሳይሞት ቢሰማው ጥሩ ነበር» ብሎ አልፏቸው ሄደ። ይቅር አላላቸውም። እሳቸውም አልተቀየሙትም፤ በ2011 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ግን በየዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ይህንኑ ታሪክ ለተማሪዎቻቸው እየነገሩ፣ «ተከራከሩኝ፤ ካልተከራከራችሁኝ እጥላችኋለሁ» ይሏቸው ነበር። ማን ዝም ይላል? ክፍላቸው ገበያ ሆኖ ቀረ።

አቶ ልዑልቃል ካረፉ በኋላ የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምናና በጠበል ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ይህንን ጽሑፍ አልጋ ላይ ሆነው ሲያርሙ፣ «ደሬሳ ቀብሬ ላይ ከመጣ ከቤተሰቤ ጋር ጻፉት፤ ካልመጣ አትጥሩት፣ አትውቀሱትም» ብለው አዘዙን። ጋሽ ደሬሳ ዛሬ ማለዳ ከአጋሮ ደርሰው፣ ከቆፋሪዎቹ ጋር ሲቆፍሩ አርፍደው፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ዳግማዊ ቀረብ ብለው «ይቅር ብያቸዋለሁ። ያኔ ቆሜ መስማት ስችል ቆሜ መልስ መስጠት አቃተኝ፤ እኔንም ይቅር በሉኝ» አሉ። ዳግማዊም አቀፋቸው።

እንግዲህ መምህርት ወይንሸት ልጆቻቸውን ዳግማዊንና ጽዮናዊትን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ የአርባ ዓመት ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ሳሊሀን፣ እንዲሁም ተማሪያቸውን ደሬሳን ትተው ሄደዋል። ይህ የመጨረሻው ስም በእስክሪብቶ የገባው አሁን፣ እዚሁ መቃብሩ አፋፍ ላይ ነው።

ስህተታቸውን በአደባባይ ለመናገር ያላፈሩትን እናታችንን፣ ምሕረቱ የማያልቅ አምላክ በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ ለእኛም እርስ በርስ ይቅር የምንባባልበትን ዕድሜ ያድለን። አሜን።