እንዴት ነህ ሲሉህ

ከጉኑኖ ወደ ሶዶ ስመጣ ሚኒባሱ ውስጥ እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ተቀመጥኩ፤ በእኔ ዕድሜ ጥሩ ወሬ የሚገኘው እንዲህ ነው። ከፊቴ አንድ አስተማሪና ታላቅ እህቱ ተቀምጠዋል።

"አሁን ሐኪሙ እኔ ነኝ። ታሪኩ፣ እንዴት ነህ?"

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ባለፈውም ለሐኪሞቹ ቦርድ ይህንኑ ብለህ፣ 'መሥራት ይችላል' ብለው መለሱህ። ጭንቀትህን በምን ይወቁልህ?"

"እትዬ፣ ሰው ሰላም ሲልሽ ሌላ ምን ይባላል?"

"ዛሬም እንደዚያ ካልክ የሕመም ጡረታው ቀረ፤ ተመልሰህ ክፍል መግባትህ ነው። ክፍል ስትገባ ምን ትሆናለህ?"

"ቀስ በይ እንጂ።"

"ንገረኝ።"

"ልጆቹ ተነስተው 'እንደምን አደሩ' ሲሉኝ ጥያቸው እወጣለሁ። ሽንት ቤት ገብቼ እደበቃለሁ። ባለፈው በሩን አንኳኩቶ ያወጣኝ ዳይሬክተሩ ነው።"

"ይህንን በላቸው። ስትገባ ደግሞ ኮቱን አውልቀው።"

"አንቺ አይደለሽ የተኮስሽው?"

"ተሳስቻለሁ። ሙሽራ መስለሃል።"

ሳቅ አለ።

"በል እንደገና። እንዴት ነህ?"

"ደህና አይደለሁም።"

"ጎሽ፣ የኔ ወንድም።"

"እትዬ፣ ሰው ሰማኝ እኮ።"

"ማን ይሰማሃል? ከኋላችን ያሉት ሽማግሌ እንደሆኑ ተኝተዋል።"

ሚስቴ ዘወትር የምትማረርበትን ማንኮራፋቴን ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃዴ ጀመርኩና ሶዶ እስክንገባ አላቋረጥኩም።