ኋለኛው እስኪገባ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የብርሃነ ባለቤት ወይዘሮ ሸዋሉል፣ ልጁ ሳሌም፣ ከሶለንቱናም ከሁዲንጌም በዚህ ዝናብ የመጣችሁ ወገኖች፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔንም ያጽናኝ።

ደጀኔ እባላለሁ፤ ከሱንድቢበሪ ነኝ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ባታውቁኝ ትመርጡ ነበር። ንግግር ማሳመር አልችልም። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደሉንም ስዊድንኛውንም ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። አምስት ደቂቃ ተሰጥቶኛል። አምስት ደቂቃ አይበቃኝም።

የብርሃነ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ ተነቧል። የት እንደተወለደ፣ መቼ እንደተሰደደ፣ ባቡር ጋራዡ ውስጥ ስንት ዓመት እንደሠራ ሰምታችኋል። አልደግመውም። እኔ የምናገረው ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን ነው። እኔና እሱ ሠላሳ አንድ ሐምሌ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን የብስክሌት ውድድር አይተናል።

መሳቅ ትችላላችሁ። እሱም ይስቅ ነበር።

ለማታውቁት፣ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ነው። ጋላቢዎቹ በየቀኑ ከአንድ ከተማ ተነስተው ሌላ ከተማ ይገባሉ። ተራራ ይወጣሉ፣ ቁልቁለት ይወርዳሉ፣ ይወድቃሉ፣ ቁስላቸውን በፋሻ ጠቅልለው በማግስቱ ይነሳሉ። የየቀኑ ሰዓት ይደመራል፤ በመጨረሻው እሑድ ትንሹ ሰዓት ያለው ያሸንፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ በፔንደልቶግ፣ በከተማው ባቡር፣ ሶለንቱና እደርሳለሁ። እሱ በሩን ከፍቶ ቆሞ «ዘገየህ» ይለኛል። ዘግይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው ዓመት፣ የመጀመሪያው ቀን። ፊተኛው ገባ፤ እጁን ወደ ላይ አነሳ። እኔ ልሄድ ተነሳሁ።

«ተቀመጥ» አለኝ።

«ምን ቀረ?»

«ሰው ቀርቷል።»

ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ወይዘሮ ሸዋሉል ምግቡን ሁለት ጊዜ አሞቁት። ቴሌቪዥኑ አሸናፊውን ያነጋግራል። ከአሸናፊው ትከሻ ጀርባ፣ በስክሪኑ ጥግ፣ አንድ ጭቃ የለበሰ ጋላቢ አንገቱን ደፍቶ መስመሩን አለፈ። ብርሃነ አጨበጨበ። ብቻውን፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

ተናደድኩ። ለኋለኛ ማጨብጨብ ሰነፍ ያበዛል አልኩት። እሱ ግን አልተቆጣም።

«አንተ ደጀኔ፣» አለኝ፣ «ፊተኛ የወጣህበትን አንድ ቀን ንገረኝ።»

ይኸው እስከ ዛሬ እያሰብኩ ነው።

እልኸኛ ነኝ፤ አልክድም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊተኛውን ደገፍኩ። እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት ኋለኛውን ደገፈ። አልተረታሁለትም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ቀድሜ ተነስቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ በስተቀር። ወደዚያ እመጣለሁ።

ለምን እንደሚጠብቅ የነገረኝ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። እኔ አልጠየቅኩትም። ሰው የሚዋሸው ሲጠየቅ ነው።

በወጣትነቱ ብስክሌት ጋላቢ ነበር። ወይዘሮ ሸዋሉል፣ ይህን እርስዎም የሰሙት ዘግይተው እንደሆነ ነግረውኛል። የፋብሪካ ሠራተኞች የሦስት ቀን ውድድር ነበር፤ የመጨረሻው ቀን ከአዋሽ ናዝሬት ነው። ወለንጪቲ ሲደርስ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። መለዋወጫ የለ፣ ተከታይ መኪና የለ። በድንጋይና በምስማር ቀጠቀጠና አያያዘው። ፀሐዩን ታውቁታላችሁ። ናዝሬት ሲገባ አሥር ሰዓት ሆኗል። ሰው የለም። ሰንደቁ ወርዷል፣ ዳኞቹ ሄደዋል። በኖራ የተሠመረውን መስመር ሰውና ጋሪ ረግጦ አጥፍቶታል።

መንገድ ዳር ብርቱካን የምትሸጥ ሴት ነበረች። መስመሩ የት እንደነበር ጠየቃት።

«የምን መስመር?» አለችው።

ታዲያ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ብስክሌቱ ላይ ተመልሶ ወጣ። ያንን መንገድ ከጫፍ ጫፍ ሦስት ጊዜ ተመላለሰበት። መስመሩ አንዱ ቦታ ላይ አይጠፋም፣ በአንዱ ዙር ሳላልፍበት አልቀርም ብሎ ነው። ሦስት ጊዜ! ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ምግብ አልበላሁም።

ማለፉን አላወቀም። እስኪሞት አላወቀም። የሚጠብቀው ለዚህ ነበር። አንድ ሰው፣ የትም አገር፣ ማንም ይሁን ማን፣ መስመሩ ላይ ሲደርስ የሚያየው ዓይን እንዳያጣ።

ውድድሩ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ልማድ ነበረው። በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ይደውልልኛል።

«ዛሬ ምን እናያለን?»

«ምንም» እለዋለሁ።

«ለሐምሌ ስንት ቀረ?»

ሐምሌ ላይ ሆኖ ነው ይህን የሚጠይቀው። እቆጣዋለሁ። ይስቃል። ስልኩን ዘግቼ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። ግቢው ጸጥ ብሏል፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ዕረፍት ሄዷል፣ ከሰዓት በኋላው ዓመት ያህላል። አንድ ትልቅ ነገር አልቆ ከተማው ያልሰማ ይመስላል። እናንተን የልጅነት አገራችሁ ይናፍቃችኋል። እኔን ያ ሶፋ ይናፍቀኛል። አላፍርበትም።

አሁን የምናገረው ይከብደኛል፤ ግን ሬሳ ፊት አልዋሽም።

ዘንድሮ ሦስቱንም ሳምንት ያየነው ሁዲንጌ፣ ሆስፒታል ክፍሉ ውስጥ ነው። በመጨረሻው እሑድ ወይዘሮ ሸዋሉል ትንሽ እንዲያርፉ ቤት ላክናቸው። ፊተኛው ገባ። ብርሃነ አሸልቦታል። ሰዓቴን አየሁ። በሐምሌ ባቡሩ ይሳሳል፤ ያኛው ካመለጠኝ ጣቢያው ላይ ግማሽ ሰዓት መቆም ነው። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

እንቅልፉን እንዳልረብሽ ብዬ ነው አልኳችሁ፣ ወይዘሮ ሸዋሉል፣ ሳሌም። ውሸቴን ነው። ባቡሩ እንዳያመልጠኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅሁ ሰው ግማሽ ሰዓት ሰሰትኩ።

ኮቴን ስለብስ ዓይኑን ገለጠ።

«ገባ?» አለኝ።

«ማን?»

«ኋለኛው።»

አዎ ገባ ማለት ምን ነበረበት? ከእናንተ ማን አይለውም ነበር? እኔ ግን አልዋሽም እያልኩ ስኮራ የኖርኩ ሰው ነኝ። «አላየሁም» አልኩት።

አልተቆጣኝም። ምነው በተቆጣኝ። እጄን ያዘና «እንግዲያው ነገ ንገረኝ» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ሱንድቢበሪ ቤተ መጻሕፍቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆምኩ። ጋዜጣ አወጣሁ። ከገጹ ግርጌ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፣ ከዝርዝሩ ሁሉ ታች የኋለኛውን ስም አገኘሁት። በእጄ ጻፍኩት። ወደ ሁዲንጌ በሚወስደው ባቡር ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። የብርሃነ ቁጥር ነው። ሰኞ ነው፣ ውድድሩ አልቋል፣ ልማዱ ነው። ደስ አለኝ። «ምንም አናይም» ልለው ተዘጋጅቼ አነሳሁት።

ሳሌም ነበረች። ይቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአማርኛ ሳናግራት በስዊድንኛ ነው የምትመልስልኝ። ያን ቀን ግን «ጋሼ ደጀኔ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። በአማርኛ። ባቡሩ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ወረቀቱ በእጄ ነበር።

በዚህ አገር ሙትም ተራ ይጠብቃል። ዛሬ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ከሰባት ሰዓት በፊት ጫማዬን አድርጌ ጣቢያ ሄጃለሁ። የሶለንቱናው ባቡር ይመጣል፣ ይሄዳል። አልሳፈርም። ግን እሄዳለሁ።

በዚህ አገር ደግሞ ሰው አበባውን ጥሎ ይሄዳል፤ አፈሩን ማሽን ይመልሰዋል። ማሽኑ ያውላችሁ፣ ዛፉ ሥር ቆሟል። ሹፌሩ ጨዋ ሰው ነው። ሳሌም ብታነጋግረው አራት አካፋ አምጥቶልናል። አንዳንዶቻችሁ የመኪና ቁልፍ ይዛችኋል፤ አይቻችኋለሁ። አዳራሹ የትም አይሄድም፣ ምግቡም ይሞቃል። አፈሩ ሞልቶ፣ ተደልድሎ፣ አበባው ከላይ እስኪቀመጥ ማንም ከዚህ እንዳይነቃነቅ። ምን ቀረ የሚለኝ ካለ መልሱን ሰምቷል። ሰው ቀርቷል።

ብርሃነ።

ነገ ንገረኝ ብለኸኝ ነበር። ዘገየሁ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ዘገየሁ።

ገብቷል። ኋለኛው ገብቷል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የመጀመሪያ ውድድሩ ነው። በሦስቱ ሳምንት ድምር ከፊተኛው አምስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቶ ገባ። አላቋረጠም። ስሙ ይኸው፣ በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ከአንተ ጋር አኖረዋለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሳነበው ብድግ አልኩ። አጨበጨብኩ። ሰዎቹ ዞረው አዩኝ። ግድ አልሰጠኝም። ተረታሁልህ፤ ወገን ሁሉ ይስማ።

አሁን ደግሞ ያንተ ተራ ነው። ሰንደቁን አላወረድንም። አልሄድንም። ሸዋሉል እዚህ አሉ፣ ሳሌም እዚህ አለች፣ እኔም ቆሜአለሁ። መንገዱን ሦስት ጊዜ መመላለስ የለብህም። መስመሩ የት ነው ብለህ ማንንም አትጠይቅ። መስመሩ እዚህ ነው፣ እግራችን ሥር። እያየንህ ነው።

አካፋውን አቀብሉኝ።

ደህና ግባ፣ ወንድሜ።